የበቅሎ ቤንዚን

ግራዝማች ደርበው ሞተ። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ በደጄ ሲያልፍ ስሙን ሲጠራ ሰማሁ። ጢሜን እየተላጨሁ ነበርና ምላጩ ስቶ አገጬን ቆረጠኝ። ሚስቴ ደሙን አይታ «ምነው፣ ይህን ያህል ትወዳቸው ነበር እንዴ?» አለችኝ። ደሙን በፎጣ ጠርጌ ነጠላዬን አምጪልኝ አልኳት።

ሙት ወቃሽ አትበሉኝ። ሙት አይወቀስም የሚባለው በቁሙ የተወቀሰ እንደሆነ ነው። ይህን ሰው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ፊት ለፊት የወቀሰው አንድም ሰው የለም። ቡታጅራ ገበያ ሲመጣ ብድግ ብለን ነው የምናሳልፈው። እኔም «እንደምን አደሩ ግራዝማች» እያልኩት ኖሬያለሁ። አንቱታው ከሬሳው ጋር ተቀብሯል፤ ከእንግዲህ እሱ ነው የምለው።

ቀብሩ ላይ ተገኝቻለሁ፤ የእድር ነገር ነው፣ መቅረት አይቻልም። የወንድሙ ልጅ ነኝ የሚል ሰው የሕይወት ታሪኩን አነበበ። «በጠላት ወረራ ዘመን በትራንስፖርት ሥራ ተሰማርተው ሕዝባቸውን ሲያገለግሉ ቆይተዋል» ሲል ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ያ ትራንስፖርት ምን እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ ወረቀቱን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተነበበው ይነበብ፤ እኔም የማውቀውን ልናገር።

ደርበው ወደ ቡታጅራ የመጣው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከየት እንደመጣ፣ ከማን እንደተወለደ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች እንደሚባለው፣ እሱም ዘሩን ሲጠየቅ የሚጠራው አጎቱን ነበር። አጎቱ ደግሞ በየጊዜው ይሾም ነበር። መጀመሪያ ስንሰማ የደብር አለቃ ነበሩ፤ ጣሊያን በገባ በስድስተኛው ወር ፊታውራሪ ሆኑ። ደርበው ራሱ ግራዝማችነቱን ማን እንደሰጠው አላውቅም። አንድ ቀን ለሥራ ወደ ወልቂጤ ሄደ፣ ሲመለስ ግራዝማች ሆኖ ተመለሰ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ እኛም አነጠፍንለት።

መልኩ ሸጋ ነበር፣ አልዋሽም። ቁመቱ ሎጋ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ድምፁ የቄስ ድምፅ። ነጠላውን አጣፍቶ ጭንቅላቱ ላይ የጣሊያን የቡሽ ባርኔጣ ይደፋል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ እንኳ አያወልቀውም። የሚያወልቀው ሊዋሽ ሲል ብቻ ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይይዝና ውስጡን ትክ ብሎ ያያል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ይናገራል። ይህን ያስተዋልኩት ብዙ ዘግይቼ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ጣሊያኖቹ ቡታጅራ የከፈቱት መጋዘን ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ጥቂት ፈረንሳይኛ ተምሬ ስለነበር ጣሊያንኛው አላስቸገረኝም፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነውና ጉራጊኛውም አለኝ። የመጋዘኑ ሹም አንድ ከሲታ መቶ አለቃ ነበር። በራሳቸው አጠራር ቴኔንቴ ይባላል፤ እኛም ቴኔንቴው እንለው ነበር። ዓይኑ ካየው ይልቅ ወረቀት ያለውን የሚያምን ሰው ነው። ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበው «ዝናብ መጣ» ብትለው ማን ፈርሞ አስገባው የሚል ዓይነት።

በበጋ የመጋዘኑ ዕቃ ከወልቂጤ በመካከል ያለውን ተራራ ዞሮ በካሚዮን ይመጣል። ክረምት ሲገባ ግን ካሚዮኑ ጭቃ ይውጠውና ነገር ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ዱቄቱን፣ ጨዉንና ሚስማሩን ከወልቂጤ በአታት አድርጎ፣ ተራራውን አቋርጦ በበቅሎ ቡታጅራ የሚያደርስ ሰው በኮንትራት ተፈለገ። ደርበው አሥራ ሁለት በቅሎ ነበረውና ተዋዋለ። ክፍያው እንደ ካሚዮኖቹ ነው፤ በሄደው ኪሎሜትር ይታሰብለታል፣ የቤንዚኑንም ወጪ ደረሰኝ ካቀረበ ይመለስለታል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። የኮንትራት ሠራተኛ ወጪውን የሚጠይቅበት ፎርም የተሠራው ለካሚዮን ነው፤ የሰሌዳ ቁጥር፣ የተነሣበት ቦታ፣ የደረሰበት ቦታ፣ ኪሎሜትር፣ የተቃጠለ ቤንዚን፣ የቤንዚን ደረሰኝ። ቴኔንቴው ለበቅሎ የሚሆን ሌላ ፎርም እንዲላክለት ወደ አዲስ አበባ ጻፈ። ከአንድ ወር በኋላ ተጨማሪ የካሚዮን ፎርም ላኩለት። ጠረጴዛው ላይ ሲያገላብጠው ቆየና ጠራኝ። «ጻፍ» አለኝ። በሰሌዳ ቁጥር ፈንታ የበቅሎዋን መልክ ጻፍን፤ ዳማ፣ ቡላ፣ ጥቁር ባለ ነጭ እግር። በቤንዚን ፈንታ ገብስና ድርቆሽ፣ በደረሰኝ ፈንታ ደግሞ የሻጩን ስምና የአውራ ጣቱን አሻራ። «ደረሰኝ የሌለው ቤንዚን አልተቃጠለም» አለኝ ቴኔንቴው ጣቱን ቀስሮ።

ይህን ለደርበው ስነግረው ሳቁ አላስቆመው ብሎ ግንቡን ተደገፈ። እኔን «ደብተራው» ነበር የሚለኝ፣ ለመናቅ።

«አንተ ደብተራ፣ በቅሎ ቤንዚን ትጠጣለች አሉ?»

«ገብስና ድርቆሹን ነው እንደ ቤንዚን የሚቆጥሩት።»

«እናጠጣታለና! እነሱ ከፈሉ እኛ ምን ከበደን?»

መጀመሪያ ያሳደገው ኪሎሜትሩን ነው። ቴኔንቴው ካርታው ላይ ማስመሪያ አስደግፎ መንገዱን ሲለካ፣ ደርበው ባርኔጣውን አውልቆ «ጌታዬ፣ በቅሎ እንደ አሞራ በቀጥታ አትሄድም» አለው። እውነቱን ነው። ቴኔንቴው ይህን ሲሰማ ከመሐንዲሶቹ ዘንድ ቁጥር የሚቆጥር ጎማ አስመጣ፤ እንጨት እጀታ ያለው፣ እየገፉት ሲሄዱ የተሄደውን መንገድ ራሱ የሚመዘግብ ነው። ይህን ጎማ በጉዞው ሁሉ እየገፋችሁ አምጡልኝ ተባለ።

ደርበው ጎማውን ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ አስገፋው። ቅዳሜ ደረሰ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በግቢው በኩል ሳልፍ አንድ ተሸካሚው ጎማውን ይዞ ቤቱን ይዞራል። ላብ በላብ ሆኗል። ደርበው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይቆጥርለታል። ጎረቤቱ አንዲት ባልቴት በአጥር ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ይህን ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?» ሲሉት «መንገድ እየሠራን ነው እናቴ» አላቸው። ተሸካሚው እስኪመሽ ዞረ። ሰኞ ቴኔንቴው የጎማውን ቁጥር አነበበ፣ ካርታውን ገፋ አደረገና ቁጥሩን ጻፈ። ደስ ብሎት ነበር፤ ጎማ አይዋሽም አለኝ። በዚያ ክረምት ወልቂጤና ቡታጅራ ተራራቁ። በሐምሌ ከሰኔው ራቁ፣ በነሐሴ ደግሞ ከሐምሌው።

ከበቅሎዎቹ አንዷ፣ ቡላዋ፣ ከአታት በላይ ገደል ገብታ ሞተች። በዓይኔ አይቻታለሁ። ከሞተች በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ገብስ በላች፤ እንዲያውም ከበፊቱ የበለጠ። ደርበውን «የሞተችው እንኳ ትቅርብን» ስለው «እሷ ናት የማታስቸግረኝ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር በቅሎዎቹ በዚያ መንገድ ገብስ የሚባል ቀምሰው አያውቁም። ከየመንደሩ ቤቶች ፊት ለፊት ባለው ሰፊ የሣር መስክ፣ ጀፎሮ በሚባለው፣ በነፃ ይግጣሉ። መንገደኛ ከብት ሲያሳድር ሣር የሚያስከፍል ጉራጌ የለም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ሻጭም፣ ግዢም፣ ደረሰኝም አልነበረም። ፎርሙ ግን ጣት ይፈልጋል። ባላገሩ ደግሞ ያን ጊዜ ወረቀት ይፈራል። ነገ ግብር ሆኖ ይመጣብኛል ብሎ ጣቱን እንኳን ለማያውቀው ለዘመዱም አይሰጥም።

ደርበው መላ አገኘ። ጉርዳን አገኘ።

ጉርዳ በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ሁለት ሰዎች በሽማግሌ ፊት ቃል ይተሳሰራሉ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሌላውን አይጎዳም፣ አይከዳም፣ ለጠላት አሳልፎ አይሰጥም፤ ቤቱ ቤቱ ነው፣ ማዕዱ ማዕዱ ነው። ያፈረሰ ሰው ዘሩ አይባረክም። እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል ያከብረዋል፤ ከማኅተምም ከዳኛም ይልቅ ይታመናል። ደርበው ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። በአንድ ወር ውስጥ በመንገዱ ላይ ከሰባት ሰዎች ጋር ጉርዳ ተሳሰረ። ሽማግሌዎቹ ፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያ የቄስ ድምፁ ቃል ሲገባ ብታዩት ታለቅሱ ነበር። ሲወጣ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ።

«ጣሊያን ወረቀት ይሰጥሃል፣ ጉራጌ ቃል ይሰጥሃል። ሁለቱን ያገናኘ ይበላል።»

ከሰባቱ አንዱ ሸምሱ ነበር። ቤቱ በመስቃን በኩል፣ ከተራራው ግርጌ፣ ከቡታጅራ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እንሰትና ጥቂት በርበሬ ነው ያለው፤ ገብስ ዘርቶ አያውቅም። ከሚስቱ ከከድጃና ከአራት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የእንግዳውን በቅሎ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ነበር። ደርበው ቤቱ በሄደ ቁጥር ቆጮ በጎመን፣ ሲገኝም አይብ ተጨምሮበት ይቀርብለታል። ጓሮ ያሉት ጉድጓዶች ተከፍተው ቆጮው ሲወጣ ቆሞ ያይ ነበር።

የመጀመሪያውን ደረሰኝ ያስፈረምነው አብረን ሄደን ነው።

«ምን የሚል ነው?» አለኝ ሸምሱ፣ ጣቱን ቀለሙ ላይ ሳያሳርፍ።

ደርበው ቀደመኝ። «በቅሎዎቼ እዚህ ማደራቸውን ነው ወንድሜ። ይህ ከሌለ አይከፍሉኝም።»

«ማደራቸውስ እውነት ነው» አለ ሸምሱ። «ወንድሜ እንጀራው ከሚጎድልበት ጣቴ ይቆሽሽ።» ጣቱን ሰጠኝ።

እኔ ነገሩን አረምኩ? የለም። ደርበው በየወሩ አንድ ቁና የፉርኖ ዱቄት ቤቴ ይልክ ነበር። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ይህን የምነግራችሁ ለማመካኘት አይደለም ልል ነበር፣ ግን ለማመካኘት ነው። ለዱቄት ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ ደርበውን ስንቀው ራሴን አላስቀርም፤ እሱ ግን ሳይቸግረው ነው።

ክረምቱ ሲያልፍ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። እዚያ ያለ አንድ ሰው ደረሰኞቹን ሁሉ ሰብስቦ ደምሮ ኖሯል። የሸምሱ ጣት ከሁሉም በዝቷል፤ ቤቱ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ደርበው ሰነፍ ሲሆን የሚሮጠው ወደ እሱ ነበር። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ለመንግሥት በቅሎ ገብስ በጠፋበት ክረምት ይህን ሁሉ ገብስ የሚሸጥ ሰው ማን ነው? ስንት መሬት አለው? ተራራው ላይ ያሉት ሽፍቶችም ፈረስና በቅሎ አላቸው፤ እነሱንስ የሚቀልበው ማን ነው? ሽፍቶች የሚሉት አርበኞቹን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙም ወረቀቱም አንድ ላይ ተገናኝተው ሸምሱን ያዙት።

ሁለት ባንዶች ከቤቱ አመጡት። መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ቴኔንቴው፣ ደርበው፣ ሸምሱና እኔ ነበርን።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለ ሸምሱ ሲገባ። ደርበውን ሲያየው ፊቱ ፈካ፤ ወገን አለኝ ማለቱ ነው።

ቴኔንቴው ደረሰኞቹን ዘረጋቸው። እኔ እያስተረጎምኩ «ይህ ያንተ ጣት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«የኔ ነው።»

«ለዚህ ሰው ገብስ ሸጠሃል?»

ሸምሱ ወረቀቱ ላይ ያለው ገብስ መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ወደ ደርበው ዞረ። ደርበው ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን እያየ ነበር።

«እሱ ምን ብሏል?» ሲል ሸምሱ እኔን ጠየቀኝ።

«ሸጦልኛል ብሏል» አልኩት። ከዚያም ቴኔንቴው በማያውቀው በእኛው ጉራጊኛ፣ ድምፄን ሳልለውጥ፣ «የለም በል፤ አልሸጥኩም በል» አልኩት።

«እንዲያ ያልኩ እንደሆነ እሱን ምን ያደርጉታል?»

«ያስሩታል።»

«ጉርዳ አለን እኮ» አለኝ። የረሳሁ መስሎት ነበር። ከዚያ ፊቱን ወደ ቴኔንቴው መልሶ በአማርኛ «አዎ፣ ሸጬለታለሁ» አለ።

አስተርጓሚ ነኝ። አዎን ወደ የለም መለወጥ እችል ነበር። ቴኔንቴው አዎ የምትለዋን ቃል ያውቃታል ብዬ ፈራሁ እላለሁ፤ ሰበብ ነው። የፈራሁት ሌላ ነው። በደረሰኞቹ ሁሉ ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈት የእኔ ነው። ደረሰኙ ሐሰት ከሆነ ደርበው ብቻውን አይታሰርም። «ሸጫለሁ ይላል» ብዬ ተረጎምኩ።

«የቀረው ገብስ የት አለ?»

«አልቋል። የለኝም።»

ቴኔንቴው ወደ ደርበው ዞረ። «አንተ ቤቱ ትገባለህ። እህሉን የት ነው የሚያስቀምጠው?»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። አላውቅም ማለት ብቻ ነበረበት። እኔም በልቤ አላውቅም በል፣ አላውቅም በል እያልኩ ነበር። ደርበው ግን አላውቅም ቢል ታዲያ ገብሱን ከየት ትገዛ ነበር ተብሎ እንደሚጠየቅ አስቦታል፤ ለራሱ ሲሆን አእምሮው ፈጣን ነው።

«ጌታዬ፣ ጎተራ የለውም» አለ። «ጓሮው፣ እንሰቱ መሀል፣ ጉድጓድ አለው። አራት ነው። ቅጠል አልብሶ፣ ድንጋይ ጭኖበት ነው የሚያኖረው።»

ሸምሱ አንድ ጊዜ አየው። «ያ ቆጮ እኮ ነው፣ ደርበው» አለ። ጮኾ አልተናገረም።

ለማያውቅ ልንገር፤ እንሰት የሚበላ ሰው ጎተራው መሬት ነው። የተፋቀው እንሰት በጉድጓድ፣ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀበራል፤ ወራትም ዓመታትም ይቆያል፤ በቆየ ቁጥር ይጥማል። ዝናብ ሲቀር፣ ልጅ ሲታመም፣ ለቅሶ ሲመጣ ከዚያ ነው የሚወጣው። ደርበው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ሆዱ ውስጥ የነበረው ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሄድን። ቴኔንቴው፣ ባንዶቹ፣ እጁ የታሰረው ሸምሱ፣ እኔ። ደርበው ዳማዋ ላይ ተቀምጦ ከፊት ይመራ ነበር። አራቱም ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ሽታው ሲወጣ ቴኔንቴው አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ።

«ምንድን ነው ይህ?»

«ምግብ ነው» አልኩት። «የዓመት ቀለባቸው ነው። የአገሩ ልማድ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት እንዲህ አለው።»

«ለስንት ሰው?»

«ለስድስት።»

አራቱን ጉድጓድ እያየ ዞረ። «ይህ የመቶ ሰው ምግብ ነው» አለ። ምግቡን ቅጠል አልብሶ መሬት ውስጥ የሚቀብር ሰው የሚደብቀው ሰው አለው ብሎ ደመደመ። ከሥር ገብስ ወይም ጠመንጃ ይኖራል ተብሎ ሁሉም ወጥቶ እንዲበተን ታዘዘ። ባንዶቹ በአካፋ እየዛቁ መሬት ላይ ጣሉት፣ በጫማቸው ረገጡት። ከድጃ ልጆቿን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፤ የሚወጣውን እየተከታተለች በዓይኗ ትቆጥራለች። ገብስም ጠመንጃም አልተገኘም። ሸምሱን ግን ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ከሌሎች እስረኞች ጋር በካሚዮን ወደ አዲስ አበባ ጫኑት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ጣሊያን ወጥቶ በየእስር ቤቱ የነበሩት ሲመለሱ፣ እሱ አልተመለሰም።

ካሚዮኑ በሄደ በማግሥቱ ደርበው ባዶ ፎርም ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

«የዚያን ቀን ጉዞ አልመዘገብንም» አለኝ።

«የቱን ጉዞ?»

«ቴኔንቴውን መርቼ የሄድኩበትን ነዋ! በቅሎዬ ሄዳለች፣ ተመልሳለች፣ በልታለች። ሥራ ነው፤ በነፃ የምሄድበት ምን ዕዳ አለብኝ?»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። እሱ ቀጠለ። «ያው ደረሰኝ ይፈልጋል። የዋለችው እዚያ ግቢ ነው፤ የዚያ ቤት ጣት መሆን አለበት። ቀለምህን ያዝና ተነሥ።»

ለምን እንደሄድኩ ዛሬም አላውቅም። አንዳንዴ ከድጃን ልጠይቅ ብዬ ነው እላለሁ፣ አንዳንዴ ያ ሰው ምን ያህል ዝቅ እንደሚል በዓይኔ ለማየት ነው እላለሁ። ዱቄቱም አለ። ሄድኩ።

ከድጃ ጓሮ ቁጭ ብላ ቆጮውን ትለይ ነበር። አፈር የነካውን በቢላ እየፋቀች፣ ሊተርፍ የሚችለውን አዲስ ቅጠል ላይ ታደርጋለች። የተረፈው ብዙ አልነበረም፤ የቀረው ሻግቷል። ደርበውን ስታየው ተነሣች። እኔ ትሰድበዋለች፣ ቢላውን ትወረውርበታለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ወንድማችን» አለችው። «አስገድደው እንዳመጡህ አይቻለሁ። ከፊት ያስቀደሙህ እንዳታመልጥ ነው አይደል?»

«ምን ላድርግ እህቴ» አለ ደርበው፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

አስገባችን። የጉርዳ ወንድም ሳይበላ አይሄድም። ከተረፈው ቆርጣ፣ ጎመን አድርጋ አቀረበች። እኔ አልነካሁትም። እሱ በላ። ጨርሶ ጣቱን ጠረገና ስለ ልጆቹ ጤና ጠየቃት። ትንሿ ልጅ ሳህኑን ታይ ነበር።

«ሸምሱን መቼ ነው የሚለቁት?» አለች ከድጃ።

ደርበው ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየ።

«እኛም የመጣነው ለዚያ ነው» አላት። «ይህ ወረቀት አዲስ አበባ ከደረሰ ነገሩን ያፈጥነዋል። ጣት ብቻ ነው የጎደለው።»

ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን አውቀዋለሁ፤ ዳማ በቅሎ፣ ከቡታጅራ ደርሶ መልስ፣ ገብስ አንድ ቁና። የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ከድጃ እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች፤ ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ ነው። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ተጫነች። ያን ጊዜ እውነቱን ብነግራት ጣቷን ታነሣ ነበር፤ አልነገርኳትም። አሻራውን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ሳያንስባት አልቀረም።

«አንድ ብቻ ይበቃል?» አለችው።

«ይበቃል።»

«ቶሎ የሚያስለቅቀው ከሆነ እነዚህንም አድርጉባቸው» አለችና አሥሩንም ጣቶቿን ዘርግታ ወደ እኔ ዞረች። ቀለሙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።